መስመሩ ከግቢው በር ላይ ሳይሆን ከማዕዱ ላይ ነው፦ ወንጌላዊ ተማሪ በካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ



በየዓመቱ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ደብዳቤ በሚደርስበት ሰሞን፣ በተለይ በአሜሪካ በሚኖሩ ወንጌላውያን ቤተ ሰቦች ዘንድ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ልጅቱ ጎበዝ ናት። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ከካቶሊክ ዩኒቨርሲቲም ተቀባይነት አግኝታለች። የካቶሊኩ ስኮላርሺፕ የተሻለ ነው፤ ትምህርቱም የተመሰከረለት ነው። እናት ትጸልያለች፣ አባት ሒሳብ ይሠራል፣ መጨረሻ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ይጠየቃል።

ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሁለት መልሶች አንዱ ይሰጣል። አንደኛው፣ “በፍጹም! ካቶሊክ ግቢ መግባት እምነትን መሸጥ ነው” ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ “ትምህርት ትምህርት ነው፤ ሃይማኖቱ ምን አገባን? ስሙን ይዛ ትውጣ” ይላል። እኛ ሁለቱንም እንቃወማለን። የመጀመሪያው መስመሩን ያለ ቦታው ያሰምራል፤ ሁለተኛው መስመሩን ጭራሽ ያጠፋል። በሁለቱም ልጅቱ ሳትዘጋጅ ትቀራለች።

በሩን የሚዘጉት የሚፈሩት ምንድን ነው?

ፍርሃቱን አንንቀውም። ሥር አለው። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የሮማን እምነት በይፋ ተቀብለው በሕዝቡ ላይ ለመጫን በሞከሩ ጊዜ ሀገር በደም ታጥባለች። በ1632 አዋጁን ሽረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንም ብዙም ሳይቆዩ ተባረሩ። ያ ትዝታ ኦርቶዶክስ ሆነን ባንኖርም በእኛም አጥንት ውስጥ አለ። “ሮማ” ሲባል የሚደነግጠው ልባችን ሁልጊዜ በመጽሐፍ ቅዱስ ተመርቶ አይደለም፤ አንዳንዴ በአያቶቻችን ታሪክ ተመርቶ ነው።

ነገር ግን የታሪኩን ሌላ ገጽም እናንብብ። እ.ኤ.አ. በ1945 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የካናዳ ኢየሱሳውያንን ጋብዘው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን እንዲመሩ አደረጉ። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲቋቋም መሪው ከእነዚሁ አንዱ፣ ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። የካህን ልብስ ሳይለብሱና ሃይማኖታቸውን ሳይሰብኩ አስተማሩ። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ትልቅ ተቋም የመጀመሪያ መሠረቱ በካቶሊክ መምህራን እጅ ተጥሏል። በ1960ዎቹ ደግሞ በዚያው ዩኒቨርሲቲና በሌሎች ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች መካከል መነቃቃት ተነሣ፤ ሙሉ ወንጌል ብለን የምንጠራት ቤተ ክርስቲያንም ከዚያ እንቅስቃሴ ተወለደች። ኢየሱሳውያኑ መነቃቃቱን አመጡ ማለታችን አይደለም፤ መንፈስ ቅዱስ ወደ ወደደው ይነፍሳል። ግን አንድ ነገር እርግጥ ነው፦ ግቢውን ማን እንደ ሠራው እግዚአብሔርን አላገደውም።

ደግሞስ፣ “ካቶሊክ ግቢ አይረገጥም” የሚሉ ወገኖች በአዲስ አበባ ልጆቻቸውን ቅዱስ ዮሴፍ፣ ናዝሬት ወይም ልደታ ካቴድራል ለማስገባት ስንት ወረፋ ጠብቀዋል? የሰባት ዓመት ሕፃን በካቶሊክ ትምህርት ቤት ሲማር “ሥነ ሥርዓት ይይዛል” እንላለን። ክርክሩ የሚነሣው ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላውና ራሱን መከላከል ሲችል ነው። አደጋው በዕድሜ የሚለካ ከሆነ፣ ነገሩ የተገለበጠ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመን ደግሞ ይህ ነው፦ ያው ሽማግሌ፣ ልጁ የእግዚአብሔር ስም በክፍል ውስጥ በማይነሣበት፣ ቢነሣም እንደ ተረት በሚነሣበት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገባ ሲባል “ሃሌሉያ! ጌታ በር ከፈተ” ይላል። መስቀል ያለበት ግንብ ያስፈራዋል፤ ምንም የሌለበት ግንብ ግን አያስፈራውም። ለአንድ ወጣት ነፍስ ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ጸጥ ያለ ወጥመድ እንደሆነ ቆም ብለን እናስብ።

ዳንኤል መስመሩን የት አሰመረ?

ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ አንድን ደጋግመን ሰብከናል። ግን በጥንቃቄ አንብበነዋል? ዳንኤልና ሦስቱ ወዳጆቹ በናቡከደነፆር ቤት ለሦስት ዓመት ትምህርት ተመደቡ። የከለዳውያንን ጽሑፍና ቋንቋ ተማሩ። ስማቸው ሳይቀር ተለወጠ፤ ዳንኤል ብልጣሶር ተባለ። ለዚህ ሁሉ እምቢ ማለቱ አልተጻፈም። እምቢ ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ማዕዱ ላይ። የንጉሡን መብልና ወይን ላለመቅመስ በልቡ ቆረጠ (ዳን. 1፥8)።

ልብ በሉ፦ ካቶሊኮች ባቢሎን ናቸው ማለታችን አይደለም። በአንድ አምላክ በሥላሴ፣ በጌታችን ሰው መሆን፣ በመስቀሉና በትንሣኤው ያምናሉ፤ የኒቅያን የእምነት መግለጫ ከእኛ ቀድመው ሲናዘዙ ኖረዋል። ከዳንኤል የምንወስደው ትምህርት ስለ ባቢሎን ሳይሆን ስለ መስመር ነው። ሦስት ነገሮችን አስተውሉ።

አንደኛ፣ የቆረጠው ፈተናው ሳይመጣ በልቡ ነው። ማዕዱ ፊት ቆሞ አልነበረም ማሰብ የጀመረው። ሁለተኛ፣ እምቢታውን በትሕትና አቀረበ፤ የጃንደረቦችን አለቃ ለመነ፣ አሥር ቀን ሙከራ ጠየቀ። አልተሳደበም፣ ሰልፍ አልጠራም። ሦስተኛ፣ ብቻውን አልነበረም፤ አናንያ፣ ሚሳኤልና አዛርያ አብረውት ነበሩ። የመጨረሻው ውጤት ምን ሆነ? እግዚአብሔር በዚያው በባዕድ ትምህርት ውስጥ ዕውቀትንና ጥበብን ሰጣቸው (ዳን. 1፥17)።

ስለዚህ ጥያቄው “መግባት ይቻላል?” አይደለም። ጥያቄው “የምትገባው ልጅ መስመሯን ታውቃለች?” ነው።

ማዕዱ ለምን መስመር ሆነ?

ሐዋርያው ጳውሎስ ከአንዱ እንጀራ የሚካፈሉ ሁሉ አንድ አካል መሆናቸውን ያስተምራል (1ቆሮ. 10፥16-17)። ከጌታ ማዕድ መቁረስ የግል ስሜት ብቻ አይደለም፤ “ከእነዚህ ጋር በእምነት አንድ ነኝ” ብሎ በአደባባይ መናገር ነው። በካቶሊክ ቅዳሴ ላይ ኅብስቱና ወይኑ በእውነት ወደ ክርስቶስ ሥጋና ደም ተለውጠዋል፣ ቅዳሴውም መሥዋዕት ነው ተብሎ ይታመናል። እኛ ደግሞ ጌታ ራሱን አንድ ጊዜ ብቻ ለዘላለም አቅርቦ እንደ ፈጸመ ከዕብራውያን ምዕራፍ አሥር ተምረናል። ይህን ልዩነት ይዘን አብረን ብንቆርስ ከሁለታችን አንዱ ይዋሻል።

ደስ የሚለው ነገር፣ በዚህ ነጥብ ላይ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ትስማማለች። ሕገ ቀኖናዋ፣ በቁጥር 844፣ ከጠባብና ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ለፕሮቴስታንት ምእመን ቁርባን እንዳይሰጥ ይደነግጋል። እንግዲህ ወንጌላዊት ተማሪ በጓደኛዋ ምረቃ ቅዳሴ ላይ ሌሎች ወደ ፊት ሲሄዱ በመቀመጫዋ ብትቀር፣ ማንንም አላስቀየመችም። እንዲያውም የቤቱን ሥርዓት አክብራለች፣ የራሷንም እምነት መስክራለች። ያ ጸጥ ያለ መቀመጥ ከብዙ ክርክር ይበልጣል። ጓደኛዋ “ለምን አልሄድሽም?” ብትላት፣ የወንጌል በር ተከፈተ ማለት ነው።

መስመሩን በር ላይ ያሰመሩ ሰዎች ግን ይህን ዕድል ይዘጉታል። በር ላይ የቆመ ሰው ስለ ጌታ እራት ማንም አይጠይቀውም።

“ልዩነት የለም” ለሚሉት

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን እንዙር፤ “ስሙን ይዛ ትውጣ” ወደሚለው። ይህ አነጋገር ብልህነት ይመስላል፤ ግን ዩኒቨርሲቲውን ራሱን አያከብርም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ባወጡት ሐዋርያዊ ሕግ፣ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ማንነቱን በግልጽ እንዲናገር፣ ካቶሊክ ያልሆኑ መምህራንም ቁጥራቸው አብላጫ እንዳይሆን ደንግገዋል። በዚያው ሕግ የእያንዳንዱ ሰው የኅሊና ነጻነት ሙሉ በሙሉ እንዲከበርም ታዟል። ስለዚህ ተቋሙ ፊት ለፊት “እኔ ይህ ነኝ፤ አንተም የሆንከውን ሁን” ይላል። እርሱ ማንነቱን ሳይደብቅ፣ ልጃችን ለምን ማንነቷን ቦርሳ ውስጥ ትሸሽግ?

ልዩነቱም ተረት አይደለም። የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1547 ስለ መጽደቅ ያወጣው ውሳኔ፣ በእምነት ብቻ መጽደቅን እኛ በምንሰብክበት መንገድ የሚያስተምሩትን አውግዟል። በ1854 ማርያም ያለ አዳም ኃጢአት ተፀነሰች፣ በ1870 ጳጳሱ ስለ እምነትና ምግባር በይፋ ሲደነግጉ አይሳሳቱም፣ በ1950 ማርያም በሥጋና በነፍስ ወደ ሰማይ ተወሰደች የሚሉ ትምህርቶች ምእመኑ ሁሉ ሊቀበላቸው የሚገባ ሆነው ታውጀዋል። እነዚህን በቅዱሳት መጻሕፍት አላገኘናቸውም፤ ስለዚህም አንቀበላቸውም።

አንዳንዶች እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለ መጽደቅ የፈረሙትን የጋራ መግለጫ ይጠቅሳሉ። መጥቀሳቸው ተገቢ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ለአራት መቶ ዓመታት ከተወጋገዙ በኋላ በጸጋ ላይ ብዙ የሚያስማማ ነገር እንዳላቸው ተናግረዋል። ጠብ ሲቀንስ ማዘን የክርስቲያን ሥራ አይደለም። ነገር ግን መግለጫው የቅዳሴን፣ የጳጳሱን ሥልጣንና የማርያምን ጉዳይ አልዘጋም። ሰላም መፍጠርና ልዩነት የለም ማለት አንድ አይደሉም።

ብዙዎች የማያዩት አደጋ

ወላጆች የሚፈሩት መቁጠሪያውን፣ ሐውልቱንና ዕጣኑን ነው። ተማሪዋ ግን በአብዛኛው የምትናወጠው በሌላ ቦታ ነው። በዋሽንግተን ያለውን የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1789 የተመሠረተ፣ የኢየሱሳውያን ተቋም ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ወንጌላውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያም ሩቅ አይደለም። በዚያ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ፣ የትኛውንም እምነት ይከተል፣ ሁለት የነገረ መለኮት ኮርሶች መውሰድ አለበት። በክፍሉ ውስጥ “ካቶሊክ ሁኑ” ላይባል ይችላል። ነገር ግን አምስቱ የሙሴ መጻሕፍት በተለያዩ እጆች በተለያየ ዘመን ተጽፈዋል፣ ትንቢተ ኢሳይያስ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም የሚለውን አስተያየት ተማሪዋ በኮርሱ ልትሰማ ትችላለች። መቁጠሪያ ለመቃወም የተዘጋጀች ልጅ፣ ለዚህ ጥያቄ ምንም መልስ ሳይኖራት ትቀመጣለች። ሰኞ ከፕሮፌሰሩ የሰማችውን እሑድ ለመጋቢዋ ለመንገር ታፍራለች። ከዚያ ሁለት ዓለም መኖር ትጀምራለች፤ አንዱ የጭንቅላት፣ ሌላው የጭብጨባ።

ይህ አደጋ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲም አለ። ልዩነቱ፣ በካቶሊኩ ግቢ ጥያቄው በግዴታ ይነሣል። ይህን እኛ እንደ ክፋት ብቻ አናየውም። ስለ እግዚአብሔር እንድታስብ የተገደደች ተማሪ፣ አራት ዓመት ሙሉ ስለ እርሱ ሳታስብ ከምትመረቅ ይሻላታል። ነገር ግን ስንቅ ይዛ ትሂድ።

ሌላም እውነት አለ። በካቶሊክ ግቢ የወንጌላውያን ኅብረት መኖሩ ሁልጊዜ ዋስትና የለውም። እ.ኤ.አ. በ2006 በዚያው በጆርጅታውን ከውጭ የሚመጡ ወንጌላውያን የተማሪዎች አገልግሎቶች ከዩኒቨርሲቲው ጋር የነበራቸው ግንኙነት እንዲቋረጥ ተደርጎ ነበር፤ ከንግግር በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ተመለሱ። ይህን የምናነሣው ለመክሰስ አይደለም። የእንግድነት ቤት መሆኑን ሳይረሱ መግባት እንደሚገባ ለማሳየት ነው። እንግዳ የቤቱን ሥርዓት ጠይቆ ይገባል።

ከመወሰናችሁ በፊት ጠይቁ

እንግዲህ ደብዳቤው በእጃችሁ ላለ፣ እነዚህን ጥያቄዎች በጸሎትም በስልክም ጠይቁ።

1. ስንት የነገረ መለኮትና የፍልስፍና ኮርስ ግዴታ ነው? ምን ምን ማዕረግ አለው? የኮርሱን ዝርዝር አስመጥታችሁ አንብቡ።

2. ቅዳሴ መገኘት ግዴታ ነው? በአሜሪካ ባሉ እንደ ጆርጅታውንና ኖተርዳም ባሉ ታላላቅ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ግዴታ አይደለም። በሌላ ቦታ ግን ሳትጠይቁ አትገምቱ።

3. የዶርም ሕጉ ምንድን ነው? ኖተርዳም ለምሳሌ የወንዶችና የሴቶች ዶርሞችን ይለያል፤ በየዶርሙም የጸሎት ቤት አለው። ብዙ ወንጌላውያን ወላጆች ይህን ቢያውቁ፣ ፍርሃታቸው ወደ ሌላው ግቢ ይዞር ነበር።

4. የፕሮቴስታንት አገልጋይ ወይም የወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረት አለ? ከሌለ በአውቶቡስ የሚደረስበት ወንጌልን በትክክል የሚሰብክ ቤተ ክርስቲያን የት ነው? ዳንኤል ሦስት ወዳጆች ነበሩት፤ ብቻህን አትሂድ፣ ብቻሽን አትሂጂ።

5. ገንዘቡስ? ለስሙ ብላችሁ ልጁን በብድር ቀንበር ሥር አታስገቡት። ዕዳ ሲከብድ የአገልግሎት ጥሪም ይታነቃል። ስኮላርሺፑ ከልብ ከሆነ ግን፣ የሰጪው እጅ ካቶሊክ ስለሆነ ብቻ አትግፉት።

6. ከሁሉ በላይ፦ ልጄ ስለ ጸጋ፣ ስለ መስቀል፣ ስለ ጌታ እራት ምን እንደሚያምንና ለምን እንደሚያምን በአምስት ደቂቃ ማስረዳት ይችላል? ካልቻለ ችግሩ ዩኒቨርሲቲው አይደለም። በየትኛውም ግቢ ይጠፋል።

ለመጋቢዎችና ለሽማግሌዎች

በአክብሮት፣ ግን ሳንሸፋፍን እንናገራለን። የማያስተምር ሰው ሊከለክል አይገባውም። ወጣቱ አሥራ ሁለት ዓመት በእሑድ ትምህርት ቤት ዘፍኖልናል፣ ድራማ ሠርቶልናል። ትሬንት ምን እንደ ሆነ፣ ተሐድሶ ለምን እንደ ተነሣ፣ ሉተር በገላትያ ላይ ለምን እንደ ቆመ ግን የነገረው ከሌለ፣ በመግቢያው ደብዳቤ ቀን “አትግባ” ማለት እረኝነት አይደለም፤ ማስፈራራት ነው። ፍርሃት ደግሞ እስከ ዶርሙ ደጃፍ ብቻ ነው የሚዘልቀው።

ከመሄዷ በፊት ባለው ክረምት ሁለት ወር መድቡላት። የሮሜን መልእክት አብራችሁ አንብቡ። የካቶሊክን ትምህርት ከካቶሊኮች ራሳቸው መጽሐፍ አሳዩዋት፤ ከእኛ አፍ ብቻ የሰማችውን የተጣመመ ምስል ይዛ ብትሄድ፣ እውነተኛውን ስታይ “ዋሽተውኛል” ትላለች፤ የዋሸ ሰው ደግሞ ሌላውም ቃሉ አይታመንም። ከሄደች በኋላም ደውሉላት። “ጸልየሽ ታውቂያለሽ?” ብቻ ሳይሆን፣ “በዚህ ሳምንት ክፍል ውስጥ ምን ሰማሽ? ምን ከበደሽ?” ብላችሁ ጠይቋት። በሀገር ቤት ኢቫሱ በየዩኒቨርሲቲው ተማሪን ሲያጽናና የቆየው በዚህ መንገድ ነው፦ በመከልከል ሳይሆን አብሮ በመቀመጥ።

ገና እየፈለጋችሁ ላላችሁ

ይህን የምታነቡ ሁሉ ወንጌላዊ እንዳልሆናችሁ እናውቃለን። ምናልባት ካቶሊክም ፕሮቴስታንትም ሳትሆን፣ መስቀል ያለበት ግቢ ልትገባ ያለህ ወንድማችን ትኖራለህ። ለአንተ የምንለው አጭር ነው። ሕንፃውን፣ ዜማውን፣ የመምህራኑን ዕውቀት አድንቅ፤ የሚደነቅ ነገር አለበት። ግን ከአንድ ጥያቄ አታምልጥ፦ ስለ እኔ የሞተው ክርስቶስ ሥራውን ፈጽሟል ወይስ እኔ የምጨምርበት ይቀራል? ይህን ጥያቄ ለካህኑም ለመጋቢውም አቅርብ። ወንጌልን ራስህ ክፈትና አንብብ። ማንም የራሱን ቤት ስም ብቻ ሊሰጥህ ቢሞክር አትቀበለው፤ የሚያድነው የቤቱ ስም አይደለም።

እንግዲህ ወገኖች፣ መስመሩን ወደ ቦታው እንመልሰው። ትምህርት ቤት ይከፈት፣ መጽሐፉ ይነበብ፣ ጥያቄው ይጠየቅ። ማዕዱ ፊት ስንደርስ ግን የምናምነውን እናውቅ፤ አውቀንም በትሕትና እንቀመጥ። በር ዘግቶ የተጠበቀ እምነት በሩ የተከፈተ ዕለት ይወጣል፤ በቃሉ የተተከለ ግን በየትኛውም ግቢ ያፈራል።

ጌታ ሆይ፣ በዚህ ዓመት ደብዳቤ ለሚጠብቁ ልጆቻችን እንደ ዳንኤል የቆረጠ ልብ፣ እንደ ዳንኤል የለዘበ አንደበት፣ እንደ ዳንኤልም ታማኝ ወዳጆች ስጣቸው። ለወላጆች ማስተዋልን፣ ለእረኞች ትጋትን ስጥ። አሜን።